በሾፌሩ በኩል

እህተማርያም መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የቆመችው ፎጣ ልታቀብል ነበር። ልጇ ኤልናታን ውስጥ ሆኖ ከመስተዋቱ ጋር ያወራል። አንገቱን ቀጥ፣ ደረቱን ነፋ እንዳደረገ ከድምፁ ያስታውቃል። በእንግሊዝኛ «ኖ ማዳም፣ ታምሜ አላውቅም» ይላል፤ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ በስዋሂሊ «በፍጹም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጤነኛ ነኝ» ይላል። «ትኩሳት? የለም። ራስ ምታት? የለም። ፀሐይ? ፀሐይ ምንም አትለኝም።» እዚህ ላይ ድምፁ ከዳውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ በር ዘግቶ ለጥርስ ሳሙናና ለምላጭ ቃሉን ሲሰጥ መስማት ያስቃል፤ እህተማርያም ግን አልሳቀችም። ምን የሚደበቅ በሽታ አለውና ነው ይህን ያህል የሚለማመደው ብላ አሰበች። ፎጣውን እንዳቀፈች ስታስብ ቆይታ መልሱ መጣላት። ምች ነው። ልጁ የሚደብቀው ምችን ነው።

የዛሬው ቀጠሮ እንደ ሌላው ቀጠሮ አልነበረም። ኤልናታን ለኬንያ ጦር ምልምል ሆኖ ተወዳድሮ፣ ሩጫውን አልፎ፣ ማሠልጠኛ በገባ በሁለተኛው ወር የግራ እግሩ ቅልጥም ተሰነጠቀ። ወድቆ አይደለም፣ ማንም መትቶትም አይደለም፤ ከባድ ጫማ አድርጎ፣ ጓዝ ተሸክሞ ሲሮጥ አጥንቱ እንደ ደረቀ እንጨት ቀስ እያለ ተሰነጠቀ። እስኪሻለው ድረስ ናይሮቢ እናቱ ዘንድ እንዲቆይ ላኩት። አሁን ደህና ይራመዳል፤ ሲደክመው ብቻ ትንሽ ያነክሳል። የወታደሮቹ ሆስፒታል ሐኪም ዛሬ አይታው የምትጽፈው ነገር ሰኞ ለሚቀመጠው ቦርድ ይቀርባል፤ ቦርዱ ወይ ከሚቀጥለው ዙር ምልምሎች ጋር ይመልሰዋል፣ ወይ «ለውትድርና አይበቃም» ብሎ ያሰናብተዋል። ከተሰናበተ ዳግመኛ መወዳደር የለም። ልጁ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምኞት የለውም። ለምን ወታደር መሆን እንደፈለገ ድሮ ስትጠይቀው «በሽተኛ አለመሆኔን ማወቅ እፈልጋለሁ» ብሏት ነበር፤ ያን ጊዜ መልሱን እንደ ልጅ ጨዋታ ቆጥራ አለፈችው።

ምች አገር ሲለቁ ድንበር ላይ የሚቀር በሽታ አይደለም። ላብ ይዞህ ፀሐይ ከነካህ፣ የወጥ ሽታ ሳይለቅህ በቀትር ከወጣህ፣ ከእንቅልፍህ ተነሥተህ ፊትህን ሳትታጠብ ደጅ ብቅ ካልህ፣ ሞያሌን ተሻግሮ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ድረስ መጥቶ ይመታሃል። ብዙ ሐበሻ እዚህ ከተማ ውስጥ መትቶታል። ኤልናታንን ግን አንድም ቀን መትቶት አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ኢስትሊ ውስጥ ፖሊስ ፎቅ ለፎቅ እየወጣ ወረቀት ይጠይቅ፣ ወረቀት የሌለውን በመኪና ጭኖ ይወስድ ነበር። የልጁ አባት ገልገሎ የማርሳቢት ሰው፣ ኬንያዊ ነበር፤ ግን የልደት ወረቀቱን ሳያወጣለት ሞተ። የእሷም ፈቃድ ያን ጊዜ ጊዜው አልፎ ነበር። ልጅ ደግሞ ልጅ ነው፤ ከጎረቤታቸው ከኩለሱም ልጅ ከሱሀይብ ጋር ጣሪያ ላይና መንገድ ላይ ሲሮጥ መዋልን ነው የሚያውቀው። ፖሊስ ይወስድሃል ብትለው ሌሊት ሲባንን ሊያድር ነው፤ ደግሞም ወረቀት የለንም ብሎ ለሰው ሊያወራ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ላቡን እያንጠፈጠፈ ሲገባ ግንባሩን ዳሰሰችና «አንተ ልጅ፣ ምች መትቶሃል» አለችው። ደህና ነበር። ዳማከሴ አሽታ ጨምቃ አጠጣችው፤ አስተኛችው፤ መጋረጃውን ዘጋች። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። «አንተ እንደ ሱሀይብ አይደለህም፤ አንተን ፀሐይ አይስማማህም» የሚለው ቃል ውሎ ሳያድር የቤቱ ሕግ ሆነ። ልጁም አመነ። ይባስ ብሎ አልፎ አልፎ ራሴን አመመኝ ማለት ጀመረ።

ፖሊሶቹ ሄዱ። የገልገሎ ወንድም ከማርሳቢት መጥቶ መስክሮለት የልደት ወረቀቱ ወጣ፤ ዕድሜው ሲደርስ መታወቂያውም ወጣ። ሕጉ ግን አልተሻረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እህተማርያም ልጡ ከቤት ከወጣ በኋላም ጥላውን የምትፈራ ሰው ነበረች። ልጁ በተዘጋ ቫን ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ በዚያው ይመለሳል፤ ከዚያ ኢስትሊ አንድ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ እሷ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥበት ሱቅ ይገባል። መስኮት የሌለው ሱቅ ነው፤ በጨለማ ይገቡበታል፣ በጨለማ ይወጡበታል። ትምህርቱን ሲጨርስም ቀኑን ሙሉ እዚያው ሆነ። ስፖርት የሠራው እንኳ እዚያው ነው፤ ገበያው ሊዘጋ ሲል የሕንፃውን ደረጃ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ እየሮጠ ይወጣል፣ እየሮጠ ይወርዳል። ለምልመላው ሩጫ ያበቃው ሳንባ ደረጃ ላይ ያደገ ሳንባ ነው።

በሩ ላይ እንደቆመች ግን አንድ ነገር ታያትና ልቧ መለስ አለ። ልጁ ሊዋሽ የሚለማመደው እውነት ነው። ታምሜ አላውቅም ካለ፣ ታሞ አያውቅማ። እሱ ሐኪሟን ያታለለ ይመስለዋል እንጂ እሷ የምትሰማው ትክክለኛውን ነገር ነው። እህተማርያም አንድም ቃል መተንፈስ አያስፈልጋትም። በሩን አንኳኳችና «ኤልዬ፣ ፎጣህ። ሻዩም በረደ» አለች።

ሳውዝ ሲ ያለው ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሱቁ ሲሻሻል ከኢስትሊ ለቀው የመጡበት ነው፤ ሳሎኑ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው፤ አከራዩ ቤቱን ሲያሳያት ብዙ ያወራው ስለዚህ መስኮት ነበር። እህተማርያም በገባች በማግስቱ በወፍራም መጋረጃ ሸፈነችው። ሶፋው ቡናማ ነው፣ ግድግዳው ላይ የመድኃኔዓለም ሥዕል አለ፤ ቀንም መብራት ይበራል። ሳይሸፈን የቀረው የወጥ ቤቱ ትንሽ መስኮት ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተከለችው ዳማከሴ ለምልሞ ቆሟል። በዚያ ቤት ውስጥ ፀሐይ የሚሞቀው ዳማከሴው ብቻ ነበር።

ኤልናታን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጅጌውን እስከ አንጓው ቆልፎ ወጣና ተቀመጠ። ሻዩን ያዘ። እሷ ዳቦውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ሁለቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ስለዚህ ስለ አቮካዶ አወሩ። ኩለሱም ትናንት ደውላ አቮካዶ ሠላሳ ሽልንግ ገባ ብላለች አለች እህተማርያም። አንዱ? አለ እሱ። አንዱ፤ ያውም ትንሹ። እሺ፣ ሳዋ፣ አለና ዳቦውን ቆረሰ። ከዚያ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከታች የዘበኛው ሬዲዮ ይሰማል። እናትና ልጅ አንድ ቤት ሲቆዩ ዝምታም እንደ ዕቃ ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ የእነሱ ዝምታ የሚቀመጠው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አንቺ እኮ መምጣት የለብሽም» አለ በመጨረሻ። «ወታደር እናቱን አስከትሎ አይሄድም፣ ማሚ።»

«ዶክተሯ በስልክ ቤተሰብ ቢኖር ጥሩ ነው ብላለች አላልክም?»

«ብላለች።» ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ። «እንግዲያው ስለ ልጅነቴ ከጠየቀችሽ፣ ፕሊዝ፣ ስለ ምች ምንም እንዳትዪ። ፋይሌ ላይ ከገባ አለቀልኝ።»

ያን ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ጎንበስ ያለው ራሱን፣ ማጅራቱን አየችው፤ የሕፃን ማጅራት መሰላት። ኋላ ቀና ሲል ፊቱ የተዘጋጀ ሰው ፊት ነበር፤ እንዲህ የተዘጋጀን ሰው በሩ ላይ አቁሞ የዐሥራ አንድ ዓመት ነገር መንገር ግፍ መሰላት። «ምን ብዬ እናገራለሁ?» አለችና ኮፍያውን ከማንጠልጠያው አውርዳ ሰጠችው። አደረገው።

ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ገና አልሞላም ነበር። እህተማርያም እንደ ልማዷ በመግቢያው በኩል ያለውን ወንበር ይዛ ኤልናታንን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችው። ይህ የእሷ ግኝት ነው። ከሳውዝ ሲ ጠዋት ወደ ከተማ ሲወጡ ፀሐይዋ በሾፌሩ በኩል ናት፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱም መኪናው ዞሮ ፀሐይዋም ዞራ ተመልሳ በሾፌሩ በኩል ናት። በመግቢያው በኩል የተቀመጠ ሰው ሄዶ ይመለሳል እንጂ ፀሐይ አታገኘውም። ይህን ያወቀች ቀን ተደስታ ለኩለሱም ደውላ ነግራታለች፤ ኩለሱምም ከት ብላ ስቃ «እህቴ፣ እኛ እኮ ፀሐይ ሸሽተን አይደለም የመጣነው» አለቻት። እህተማርያም ያን ጊዜ ስልኩን ቶሎ ዘጋች። ዛሬም ልጇ በጥላው በኩል ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መልሱን ሲያጠና፣ እሷ በወንበሮቹ መሐል አሻግራ ማዶ ያሉትን ሰዎች ታይ ነበር። አንዲት ተማሪ ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ወድቃ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ተኝታለች። ማንም አልሸፈናትም፤ ምንም አልሆነችም።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሣሩ የታጨደ፣ ድንጋዩ በነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ብረት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው እንደ ኤልናታን ያሉ ምልምሎች ነበሩ፤ ሁሉም ፀጉራቸውን ተላጭተው ጆሯቸው ብቻ የቀረ ይመስላል። ስሙ ሊጠራ ሲል ኤልናታን ኮፍያውን አውልቆ ለእናቱ ሰጣት፤ የሸሚዙንም እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቀለለ። ለምን እንዳደረገው ገባት። ፀሐይ የማይፈራ ሰው መምሰል አለበት። ክንዱ ከመዳፉ ጀርባ ይልቅ የቀላ ነበር። ኮፍያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተከትላው ገባች።

ዶክተር ናፉላ ከነጭ ካፖርቷ ሥር የደንብ ልብስ የለበሰች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴት ናት። እህተማርያምን «ማማ ኤልናታን፣ ካሪቡ» ብላ በስዋሂሊ ተቀበለቻት፤ ወንበሩን ራሷ ስባ ሰጠቻት። ልጁን እግሩን ዘርግቶ አስተኝታ ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ አዘለለችው፣ በአንድ እግር አቆመችው። «አጥንቱ ገጥሟል» አለች። ኤልናታን ተነፈሰ። ጥያቄዎቹ እንደጠበቃቸው መጡ፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሚጥል በሽታ፣ ከልጅነት የቀረ ሕመም። ለመስተዋቱ እንደመለሰው ለሷም መለሰላት፤ እንዲያውም ከመስተዋቱ ይልቅ ለሷ አሳመረው። እህተማርያም እጇን ቦርሳዋ ላይ አጣጥፋ ጠዋት ያገኘችውን መጽናናት አጥብቃ ያዘች።

ከዚያ ዶክተሯ የደም ውጤቱን አነሣች። «አንድ የከበደኝ ነገር አለ» አለች። «የቫይታሚን ዲ መጠንህ በጣም ዝቅ ያለ ነው። አጥንት የሚበላውን ምግብ የሚይዘው በዚህ ነው። ይህ ሲያንስ ሳንባህ ሩጥ ይላል፣ ጡንቻህ ሩጥ ይላል፣ አጥንትህ ግን አልቻልኩም ይላል። አንተ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ይህን ነገር የምታመጣልን ፀሐይ ናት፤ ቆዳችን ላይ ስታርፍ ነው የሚሠራው። እኛ ደግሞ የምድር ወገብ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ ቸገረን ልንል አንችልም። ፀሐይ ታገኛለህ?»

«በየቀኑ፣ ማዳም።»

«ልጅ ሳለህስ?»

«ውጭ ነው ያደግሁት። ኳስ ስጫወት።»

እህተማርያም ጠዋት በሩ ላይ ይህን አላሰበችም። ታምሜ አላውቅም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ውጭ ነው ያደግሁት ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሳያውቀው የተናገረው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን ለመጠበቅ ሲል የጨመረው ውሸት ነበር። ዶክተሯ ወተት ትጠጣለህ ወይ አለችው፤ እጠጣለሁ አለ። እንቁላልና ዓሣም ትበላለህ ወይ አለችው፤ እበላለሁ አለ። ወደ እናቱ ዞራ ከዘመድ እግሩ የተቆለመመ፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር ሰው አለ ወይ አለቻት፤ የለም አለች እህተማርያም። ዶክተሯ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች።

«እንግዲህ ምግቡም ካለ፣ ፀሐዩም ካለ፣ ሰውነቱ የተሰጠውን መያዝ አልቻለም ማለት ነው» አለች። «ኩላሊት ሊሆን ይችላል። አንጀት ሊሆን ይችላል። አብሮት የተወለደ የአጥንት በሽታም ሊሆን ይችላል። ምርመራው ጊዜ ይወስዳል። ለቦርዱ ምክንያቱ አልታወቀም ብዬ ነው የምጽፈው። ላታልልህ አልፈልግም፤ ቦርዱ ምክንያቱ ያልታወቀ አጥንት አይጠብቅም።»

ኤልናታን ቀጥ እንዳለ ቀረ። «አብሮት የተወለደ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ድንጋጤ አልነበረም፤ ድንጋጤ ቢሆን በመረጠች። ያየችው ፊት ድሮም አውቄው ነበር የሚል ፊት ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የተነገረውን ነገር አሁን ደግሞ የደንብ ልብስ የለበሰች ሐኪም፣ የደም ውጤት ይዛ አረጋገጠችለት። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ እህተማርያም ፈርታ የፈጠረችው በሽታ ዐሥራ አንድ ዓመት መንገድ ላይ ቆይቶ ደረሰ። እሷ ግን ያን ጊዜ የሠራችውን በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ ትልቁ ሥራ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው። የሌላ ሰው ልጆች መኪና ላይ ተጭነው ሲያለቅሱ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታለች፤ የእሷ ልጅ ከኋላዋ አልጋ ላይ ዳማከሴ ጠጥቶ ተኝቶ ነበር። አድኜዋለሁ ብላ ነበር። እውነትም አድናዋለች። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ እውነት ሊሆን እንደሚችል አሁን ገና አየች።

«ዶክተር» አለች በስዋሂሊ። «ይህ ልጅ ፀሐይ አያውቅም።»

«ማሚ» አለ ኤልናታን በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተዪ።»

በአማርኛ ጀምራው ቢሆን ኖሮ ትተወው ነበር። አማርኛ የቤቱ ቋንቋ ነው፤ ያም ነገር የተነገረው በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ብትጀምር እንዴት ለስልሶ፣ እንዴት ዞሮ እንደሚወጣ ታውቀዋለች። ስዋሂሊዋ ግን የገበያ ስዋሂሊ ነው። ዋጋ ለመናገርና አለ፣ የለም ለማለት ነው የተማረችው፤ ማለዘቢያ ቃል አልተማረችበትም። «ቤት ውስጥ ነው ያሳደግሁት» አለች። «መጋረጃ ዘግቼ። ፖሊስ ነበር፤ ወረቀት አልነበረም። እንዳይወጣ በሽተኛ ነህ አልኩት። በሽተኛ አልነበረም። ፀሐይ ይጎዳሃል አልኩት። እስከ ዛሬ ያምናል። ኮፍያው እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ኩላሊት የለም፣ ዘርም የለም። እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር፤ ሦስቱም ያንን ያዩ ነበር። ፖሊስ ሲባል ዶክተሯ የራሷን ትከሻ፣ ከካፖርቷ ሥር ማዕረጓ ያለበትን፣ አንዴ እንደ ማየት አለች። «ታሞ አያውቅም?» አለች።

«ኩፍኝ ብቻ።»

«ኤልናታን፣ እናትህ የሚሉት እውነት ነው? ፀሐይ ላይ አትወጣም?»

ጉልበቱን እያየ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ማሠልጠኛም ሳለ ዕረፍት በተባለ ቁጥር ጥላ ፍለጋ እንደሚሄድ፣ ሌሎቹ ካናቴራቸውን አውልቀው ሲጋደሙ እሱ እንደሚከናነብ በዝግታ ተናገረ። ለምን አልነገርከኝም አለችው ዶክተሯ። «በሽተኛ መሆኔ እንዳይታወቅ ነው» አለና፣ ዓረፍተ ነገሩ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ሰማው። ወደ እናቱ አላየም። ዶክተሯ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና መጻፍ ጀመረች፤ እየጻፈችም ተናገረች። እጥረት ነው፤ በመድኃኒትና በፀሐይ የሚስተካከል ነው። መድኃኒቱን ትውጣለህ፤ ቀን ቀን እጅጌህን ሰብስበህ ትወጣለህ፤ ስትጀምር በትንሹ፤ የሚቀጥለው ዙር ከመግባቱ በፊት ደምህን መልሼ አያለሁ። «ሰኞ የሚወሰነውን እኔ አልወስንም» አለች። «ግን ምክንያቱ የታወቀ አጥንት ይጠብቃሉ። እስካሁን ጠብቀዋል።» ሲወጡ የእህተማርያምን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። «ፖሌ፣ ማማ» ብላ አዘነችላት።

መድኃኒቱን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ተቀብለው ወጡ። ኤልናታን ቀድሟት ይሄዳል፤ ትንሽ ያነክሳል። ቀትር አልፎ የመጋቢት ፀሐይ አስፋልቱን ያቃጥለዋል፤ የዛፍ ጥላ ባለበት በኩል እግረኛ መንገድ አለ፤ እሱ ግን በመሐሉ ነው የሚሄደው። ምሳ እንብላ ወይ አለችው። አልራበኝም አለ። በቆሎ የሚጠብስ ሰው ጋ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ልግዛልህ አለችው፤ አልፈልግም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላው እየተከተለች የምትለውን አሰናዳች። መኪናው ላይ ስለተጫኑት ልጆች ልትነግረው፣ ስለ እናቶቻቸው ጩኸት ልትነግረው፣ ደረጃው ላይ የቡት ጫማ ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን አፉ ላይ አድርጋ እንዴት እንደምትቆይ ልትነግረው አሰበች። ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ ያንኑ ታደርጋለች። ይህንንም ልትነግረው አሰበች። ለምን አደረግሽው ብሎ እስኪጠይቃት ጠበቀች፤ አልጠየቃትም።

ከከተማ ወደ ሳውዝ ሲ የሚሄደው ማታቱ ግማሹ ባዶ ነበር። ኤልናታን ቀድሞ ገባ። እህተማርያም ስትገባ በመግቢያው በኩል ያለው የሁልጊዜ ወንበራቸው ባዶ ነበር፤ እሱ ግን በሾፌሩ በኩል፣ በመስኮቱ ጥግ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ጭኑ ላይ ናት። መተላለፊያው ላይ ቆማ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየች። ረዳቱ «ማማ፣ ኬቲ፣ ተቀመጪ፤ መሄዳችን ነው» አላት። ሄዳ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ሞቃት ነበር፤ ወንበሩ ራሱ ይፋጃል። ሰዎቹ ይህን ችለው እንዴት ይቀመጣሉ ብላ አሰበች።

መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ «ዳማከሴውስ?» አለ፤ ወደ ውጭ እያየ። «ያን ሁሉ ዳማከሴ ዝም ብለሽ ነው ያጠጣሽኝ?»

«እሱ እንኳ ክፉ አይደለም» አለች። «ለሆድም ይሆናል።»

አፍንጫው ነፋ አለ፤ ሳቅም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ኒያዮ ስታዲየም ጋ መንገዱ ተጨናንቆ ቆሙ። ውሃና ኦቾሎኒ የሚሸጡ ልጆች በመስኮቱ ሥር አለፉ። ኤልናታን፣ እህተማርያም መልስ ያላሰናዳችለትን ጥያቄ ጠየቃት።

«ፖሊሶቹ ከሄዱ በኋላስ?»

ለዚህኛው መልስ የሚሆን የፖሊስ መኪና የለም፣ የቡት ጫማ የለም። እህተማርያም ቦርሳዋን አየች። ወረቀቱ የወጣ ቀን ልትነግረው ትችል ነበር፤ አጎቱ በሰላም ተሸኝቶ፣ ልጁ መታወቂያውን እያገላበጠ ሲስቅ። አልነገረችውም። ያን ዕለት ማታ እንኳ «ኮፍያህን አድርግ» ብላዋለች።

«ለመድኩት» አለች። «ሱቅ አጠገቤ ትሆናለህ። አምሽተህ አትገባም። የት ገባ እያልኩ አልጨነቅም። ተመቸኝ።»

እናት ለልጇ የምትናገረው ነገር አይደለም፤ ግን ተናገረችው፤ ያውም በአማርኛ። ኤልናታን ውድ ዋጋ እንደተነገረው ገዢ ራሱን አንዴ ነቀነቀ። ይቅር አላላትም፤ አልተቆጣትምም። መኪናው ተንቀሳቅሶ ወደ ሞምባሳ መንገድ ወጣ። ፀሐይዋ ከጭኑ ወደ ደረቱ ወጣች።

«ሱሀይብን በመስኮት አየው ነበር» አለ ብዙ ከሄዱ በኋላ። «ማዶ ጣሪያ ላይ ሲሮጥ፣ በመጋረጃው ጠርዝ። ባልታመም ኖሮ እቀድመው ነበር እያልኩ አስብ ነበር።»

እህተማርያም ሱሀይብን አስታወሰች፤ ቀጫጫ፣ እግሩ ወደ ውስጥ የሚዞር፣ ሁሌ የሚወድቅ ልጅ ነበር።

«ትቀድመው ነበር» አለች።

ኤልናታን አንገቱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። የሸሚዙን እጅጌ ከክርኑ በላይ ሰበሰበና ክንዱን መስኮቱ ላይ አደረገ። መኪናው ወደ ሳውዝ ሲ ሲታጠፍ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ መጣች፤ ግንባሩን፣ ሽፋሽፍቱን፣ የላይኛውን ከንፈር ላብ ሁሉ ለብቻው አሳየችው። የእህተማርያም እጅ ሳታዘው ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ኮፍያውን ያዘ። ጨርቁ ውስጡ ገና የልጇ ራስ ሽታ ነበረበት። ይዛው ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀችውና እጇን ባዶውን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።